ስንዴው የት ይመረጥ?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስለ ስንዴ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የበጋ መስኖ ነው። ከወረር ምርምር ማዕከል የወጡት ፈንታሌና አሚባራ የአዋሽን ሙቀት ችለው በመስኖ የሚያፈሩ ዝርያዎች ናቸው፤ ሥራው ምስጋና ይገባዋል። የደቡብ ጎንደሮቹ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ግን ስንዴውን ዛሬም በአብዛኛው የሚያበቅለው በክረምት ዝናብ ነው።

እነዚህ ወረዳዎች ባሉበት በጉና ተራራ ዙሪያ ያለው የውሃ ችግር ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ሜዳው ዋልካ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ይተኛል፤ ሥሩ የታፈነው ቡቃያ ቢጫ ይሆናል። ወደ በሽሎና ወደ ተከዜ በሚወርደው ተዳፋት ዝናቡ ዘግይቶ ይገባና ቀድሞ ይወጣል። መስከረም ላይ እርጥበት ከጠፋ ዛላው ከሩቅ ያማረ ይመስላል፤ ሲወቃ ግን ፍሬው ኮስሶና ተጨማዶ ይገኛል። ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ ለሁሉም ቦታ መፍትሔ ነው እንዳይባል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለችው ንፋስ መውጫ ብርዱ ራሱ እድገቱን ያዘገየዋል።

የአዴት ምርምር ማዕከል የዚሁ አገር ስም የያዙትን የዳቦ ስንዴ ዝርያዎች፣ ጉናን እ.ኤ.አ. በ2001፣ ጋሳይን በ2007 አውጥቷል። በስፋት የተዘራው ኩብሳ ደግሞ መቀመጫው ሜክሲኮ የሆነው የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል ሲሚት "አቲላ" ያለው ነው፤ ሕንዶችም ከዚሁ መርጠው ያወጡትን ዝርያ በሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታር ዘርተውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩብሳን ቢጫ ዋግ መታው፤ ከ2013 ጀምሮ ዲጋሉ የተባለውን ዝርያ የግንድ ዋግ ጣለው። ዋግ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ነው፤ የውሃውን ጥያቄ ግን ወደ ኋላ ገፍቶታል ባይ ነኝ።

የዝርያ ማሻሻል ሙያው ትልቁ ክርክር ያለውም እዚሁ የውሃ ጥያቄ ላይ ነው፦ ዝርያ የሚመረጠው ውሃ በጠገበ ማሳ ነው ወይስ በደረቅ? የስንዴ አሻሻዩ ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ፣ በመስኖ በሚለማው ሶኖራና ዝናባማ በሆነው የቶሉካ ደጋ እያፈራረቀ ዘርቶ፣ በብዙ አገር የሚስማማ ስንዴ አስገኘ። በዚህ መንገድ የሚሄዱት ውሃ በጠገበ ማሳ የዝርያ ልዩነት ጎልቶ ይታያል ይላሉ፤ በደረቅ ማሳ የአፈሩ ወጣ ገባነት ልዩነቱን ይሸፍነዋል። እውነት ነው። ሳልቫቶሬ ቼካሬሊ ግን ሶርያ ውስጥ በኢካርዳ የምርምር ማዕከል ገብስ ሲያሻሽል ተቃራኒውን ተከራከረ፦ በጥሩ ማሳ አንደኛ የወጣው በድርቅ አንደኛ ላይሆን ስለሚችል፣ ምርጫው ዘሩ በሚዘራበት መሬት፣ ከገበሬው ጋር ይሁን። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። በድርቅ ምርቱ ብዙም የማይቀንስ ዝርያ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በደጉ ዓመትም ትንሽ የሚሰጥ ከሆነ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?

ከገበሬው ጋር በማሳው ላይ መምረጥ እንደሚያዋጣ ማስረጃው ቅርብ ነው። ከላይ ጋይንት አጠገብ ባለው መቄት፣ ገረገራ ላይ፣ እንዲሁም በትግራይ ሐገረ ሰላም፣ 60 ሴትና ወንድ ገበሬዎች 400 የማካሮኒ ስንዴ ዓይነቶችን ማሳው ውስጥ እየዞሩ በአበባ ጊዜው፣ በዛላው፣ በግንደላው መዝነዋል። ከአገር በቀሎቹ መካከል የተሻሻሉትን የበለጡ ተገኝተዋል። የዳቦ ስንዴውም በስማዳው ወገዳና በጋይንቱ አርብ ገበያ ተዳፋት፣ ዝናቡ ቀድሞ በሚወጣበት ማሳ፣ እንዲሁ ሊመዘን ይገባል።