በሆስቲንግ ኪራይ ውስጥ የማን ድርሻ አለ?

ለሱቅዎ ወይም ለማኅበርዎ ድረ ገጽ በየወሩ የሆስቲንግ ኪራይ የሚከፍሉ ከሆነ፣ ከገንዘቡ ላይ ቆንጠር እየተደረገ የሚሄደው ሰርቨሩ ላይ ለተጫነው ሶፍትዌር ባለቤቶች ነው። ደንበኛው ስማቸውን ላይሰማ ይችላል፤ ዋጋው ሲወደድ ግን ብዙ ጊዜ መነሻው እነሱ ጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ድርጅት ለራሱ ቢሮ ሥራ የገዛው የሶፍትዌር ፈቃድ፣ በዚያው ሶፍትዌር ለሌሎች አገልግሎት እየሸጠ እንዲያተርፍ አያስችለውም። ቤት የተከራየ ሰው ክፍሎቹን መልሶ ለማከራየት የባለቤቱ ስምምነት እንደሚያስፈልገው ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ለዚሁ ሲል ስፕላ የተባለ የአገልግሎት ሰጪዎች ውል አለው። ሆስቲንግ ድርጅቱ ፈቃዱን ቀድሞ አይገዛም፤ ወሩ ሲያልቅ ስንት የፕሮሰሰር ኮር ወይም ስንት ተጠቃሚ እንደነበረው ቆጥሮ ያሳውቃል፣ በዚያው ልክ ይከፍላል። የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ የሆነው ኤስኪውኤል ሰርቨር በኮር ሲሰላ መነሻው 4 ኮር ስለሆነ፣ ባለ 2 ኮር ቨርችዋል ሰርቨር ላይ የተቀመጠች ትንሽ ዳታቤዝም የ4 ኮር ይከፈልባታል። ማይክሮሶፍት መዝገቡን በኦዲተር የማስመርመር መብት አለው። የዊንዶውስ ሆስቲንግ ከሊኑክሱ የሚወደድበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው።

ሊኑክስና ዎርድፕረስ የወጡበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ግን ክፍያ አይጠይቅም። ግዴታ የሚጥለው ሶፍትዌሩን ለሌላ በሚያስተላልፍ ላይ ነው፦ ኮዱንም አብረህ ስጥ ይለዋል። ሆስቲንግ ድርጅት ደግሞ ሶፍትዌሩን በራሱ ሰርቨር ላይ ያስኬደዋል እንጂ አያስተላልፈውም፤ ስለዚህ ቢያሻሽለውም ኮዱን ለማሳየት አይገደድም። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን እ.ኤ.አ. በ2007 ኤጂፒኤል 3 የተባለ ፈቃድ ወጣ። የዳታቤዝ ኩባንያው ሞንጎዲቢ ያም አልበቃው ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ዳታቤዙን እንደ አገልግሎት የሚሸጥ ሁሉ አገልግሎቱን የሚያንቀሳቅስበትን ኮድ ጭምር ይፋ እንዲያደርግ የሚያስገድድ ፈቃድ አወጣ።

ትንንሾቹን ሆስቲንግ ድርጅቶች ይበልጥ ያናወጣቸው ግን ሲፓነል ነው። ኢሜይል የሚከፍቱበት፣ ፋይል የሚጭኑበት ያ ገጽታ የሲፓነል ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 አጋማሽ ድረስ ክፍያው በሰርቨር ነበር፤ አንድ ሰርቨር ላይ 50 ድረ ገጽም ይኑር 500 ዋጋው ያው ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ኩባንያው በአካውንት ብዛት እንደሚያስከፍል አስታወቀ፦ እስከ 5፣ እስከ 30፣ እስከ 100፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ አካውንት ተጨማሪ። የርካሽ ሆስቲንግ ሥራ የቆመው ብዙ ደንበኛ በአንድ ሰርቨር በማስፈር ላይ ስለነበር፣ ለውጡ የመታው መሠረቱን ነው።

ለኢትዮጵያ ድርጅቶች ሌላ ጫና ይጨመራል፤ ፈቃዱ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፈቃዱ የዶላር ዋጋ ባይነካ እንኳ በብር ሲታሰብ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

በዚህ ጭንቅ መካከል ነው በርካሽ የሚሸጥ የተሰበረ (ሕገ ወጥ) ላይሰንስ የሚያጓጓው። እኔ ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። እንዲህ ያለው ላይሰንስ የሚጫነው የማይታወቅ ሰው የጻፈውን ስክሪፕት በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ በማስኬድ ነው። ያ ስክሪፕት የሁሉንም ደንበኞች ኢሜይል፣ ዳታቤዝና የይለፍ ቃል ሊደርስበት ይችላል። ሆስቲንግ ድርጅቱ ጥቂት ዶላር ቆጠብኩ ሲል፣ አደጋው የሚወድቀው ምንም በማያውቁት ደንበኞች ላይ ነው፤ ይህን ቀላል ችግር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ስለዚህ ውል ከመግባትዎ በፊት ፓነሉ በማን ስም ፈቃድ እንደተሰጠው ይጠይቁ። ሲፓነል የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ አስገብቶ ፈቃዱን ማጣራት የሚቻልበት ለማንም ክፍት የሆነ ገጽ አለው። ፈቃዱ ሲቋረጥ ድረ ገጹ ወዲያው አይጠፋም፤ የሚዘጋው ፓነሉ ነው፤ ያኔ አዲስ ኢሜይል መክፈትም ሆነ ባክአፕ ከዚያ ማውረድ አይቻልም። ባክአፑን ፓነሉ ከመዘጋቱ በፊት አውርደው ሌላ ቦታ ያስቀምጡት።