ስለ ዕርቅ የሚባለውና የተጻፈው

«እውነተኛ ክርስቲያን አይጣላም» የሚል ሰው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15ን ደግሞ ያንብብ። ጳውሎስና በርናባስ አብረው የደከሙ የወንጌል ባልንጀሮች ነበሩ። በጵንፍልያ ጥሏቸው የተመለሰውን ዮሐንስ ማርቆስን እንደገና «እንውሰደው፣ አንውሰደው» ተባብለው ተካረሩና ተለያዩ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ሲላስን ይዞ ወደ ሶርያና ኪልቅያ ሄደ። ሉቃስ ጠቡን አልሸፋፈነውም፤ ማን ጥፋተኛ እንደሆነም አልፈረደም። ያ ማርቆስ ግን ወደ ጢሞቴዎስ በተላከው ሁለተኛ መልእክት ጳውሎስ «አምጣው» የሚለው ሰው ሆኖ ይገኛል።

«የበደለኝ እሱ ነው፤ እሱ ይምጣ።» የብዙ ቅያሜ ዕድሜ የሚረዝመው በዚህች አነጋገር ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ወንድሙ የተቀየመበትን ሰው መባህን ትተህ ሂድና ታረቅ ይለዋል። ምዕራፍ 18 ደግሞ ተበዳዩን ሄደህ ለበዳይህ ለብቻው ንገረው ይለዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ፣ ቤቱ ተቀምጦ እንዲጠብቅ የተፈቀደለት ሰው የለም።

የምዕራፍ 18 ቅደም ተከተልም ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ሁለቱ ብቻቸውን፣ እምቢ ካለ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምሮ፣ ያም ካልሆነ ለቤተ ክርስቲያን። እኛ ጋ ነገሩ የሚጀምረው ከጫፉ ነው። መጀመሪያ ጓደኛ ይሰማል፤ ቀጥሎ ማኅበርተኛው፤ ቀጥሎ መዘምራኑ («ለጸሎት ነው የምነግራችሁ» እየተባለ!)፤ ከዚያ የንስሐ አባቱ ወይም ፓስተሩ። በዳይ የተባለው በመጨረሻ ይሰማል፣ እሱም ከሌላ ሰው አፍ። ያን ጊዜ ስሙ ስለጠፋ እሱም ተበዳይ ሆኗል፤ አንድ የነበረው ጠብ ሁለት ይሆናል።

«ሽማግሌ ከገባ የቀረው ይቅር ለእግዜር ማለት ብቻ ነው።» ደህና ሽማግሌ እንዲህ አይሠራም። ሁለቱን ለየብቻ ይሰማል፤ ፊት ለፊት ያገናኛል፤ ጥፋቱ በስሙ እንዲጠራ ያደርጋል፤ ካሳ የሚገባ ከሆነም ይቆርጣል። መሳሳሙ ከዚያ በኋላ ነው። ዘኬዎስም ያለአግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ እንጂ በጸጸት ብቻ አላበቃም። ለበዓል ተብሎ በጥድፊያ የሚደረግ ዕርቅ፣ በእኔ ግምት፣ ከቅያሜው የከፋ ነው፤ ተበዳዩ ዳግመኛ አቤት ቢል «ታርቀህ የለም ወይ?» ይባላልና።

«ይቅር ካልክ እንደ ድሮው ሁን።» ዮሴፍ እንዲህ አላደረገም። ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ግብፅ ሲወርዱ ወዲያው አልተገለጠላቸውም፤ ይሁዳ በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን እስኪል ድረስ ፈተናቸው። ይቅርታ በአንድ ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ መተማመን ግን ጊዜ ይፈልጋል። ባሏ የሚደበድባት ሴት ይቅር ብላውም ተለይታ መኖር ትችላለች። ድብደባ ወንጀል ነውና ብትከሰውም ይቅርታዋ አይፈርስም።

«ዕርቅ አሸናፊና ተሸናፊ አለው» ለሚሉም የቅርብ ምሳሌ አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በሀገር ቤትና በስደት ተከፍሎ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዕርቅ ሲወርድ ማንም ከመንበሩ አልተነሣም። በስደት የነበሩት አቡነ መርቆሬዎስ በጸሎትና በቡራኬ፣ በሀገር ቤት የነበሩት አቡነ ማትያስ በአስተዳደር እንዲያገለግሉ ተወሰነ፤ ውግዘቱም ከሁለቱም ወገን ተነሣ። አቡነ መርቆሬዎስ በዚያው ወር አዲስ አበባ ገቡ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. እስኪያርፉም ሁለቱም ፓትርያርክ እየተባሉ ኖሩ።