«ግሌዝ» ማድረግ ምንድን ነው?



በተማሪዎች ዘንድ «ግሌዝ አታድርገው» ሲባል ከልክ በላይ አታሞግሰው ማለት ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ መስታወት ከሚለው ስም የወጣ ነው። መጀመሪያ መስኮት ላይ መስታወት መግጠም ማለት ነበር። በሸክላ ሥራ ደግሞ በእሳት ቀልጦ ከዕቃው ጋር የሚዋሐድ፣ ውሃ እንዳያሰርግ የሚያደርግ መስታወት መሰል ሽፋን ነው። በዐባሲዮች ዘመን፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.)፣ የበስራ ሸክላ ሠሪዎች በነጭ ሽፋናቸው ታውቀዋል።

እዚህ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ የምናውቀው የሸክላ ምጣድ ይህ ሽፋን የለውም፤ እናቶቻችን በጎመን ዘር ያሟሹታል። በአማርኛ የሚቀርበው ቃል «ቅብ» ነው፦ ቀለም ቅብ፣ ወርቅ ቅብ እንላለን። ስም ማጥፋትንም «ጥላሸት መቀባት» እንለዋለን።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ማሟሸት ምጣዱን ለሥራ ያበቃዋል፣ ቅብ ግን ስንጥቁንም ይደብቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኙት፤ እርጥቡ ለሰው እንዲታይ ከላይ መሆን እንደነበረበት ተናግረው ማታለልን አወገዙ (ሙስሊም ዘግበውታል)። ባልንጀራን ከልክ በላይ ማወደስንም አንገቱን ከመቁረጥ ጋር አመሳስለውታል (ቡኻሪና ሙስሊም)።

ወንድሜ፣ እህቴ! የጓደኛችን አሳይመንት ጉድለት እያለው «አንደኛ ነው!» ብንለው ቀባነው እንጂ አልረዳነውም። ጉድለቱን ለብቻው፣ በለሰለሰ ቃል እንንገረው። አላህ ውስጣችንን ከላያችን ያሳምርልን። አሚን።