ያውቁ ኖሯል? ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ ሲመለስ

ለወገብ ሕመም የሚታዘዝ እንቅስቃሴ ማን ላይ እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚጠቁም ምልክት አለ። ጊንጪ ላይ ጎንበስ ብሎ ጤፍ ሲያርም የከረመ ገበሬ ሕመሙ ከወገቡ እስከ ባቱ ይወርዳል እንበል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደጋግሞ ወደ ኋላ እንዲለጠጥ ያደርገዋል። ሕመሙ ከባቱ ለቅቆ ወገቡ ላይ ከተሰበሰበ፣ ወገቡን ለጊዜው ቢያመውም እንኳ፣ ጥሩ ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያው አቅጣጫ በሚሠራ እንቅስቃሴ ይሻለዋል። ይህን በ1956 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው የኒውዚላንዱ ፊዚዮቴራፒስት ሮቢን ማኬንዚ ነው፤ ደረቱ ቀና ብሎ በሆዱ የተኛ ታካሚው የእግር ሕመሙ ለቆት አገኘው።

ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ብሽሽት ከደነዘዘ፣ ወይም ትኩሳትና ክሳት ከታከለ ግን የአከርካሪ ቲቢ ወይም ሌላ ከባድ ችግር ሊሆን ስለሚችል እንቅስቃሴ ሳይሞክሩ ቶሎ ሆስፒታል ይሂዱ።