የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሳጥንና አየሩ፤ ስለ ፓነልና መደርደሪያ አሠራር በቢቸናና በሞጣ

ራዲዮ፣ የድምፅ ማጉያ፣ የሳተላይት መቀበያና እነዚህን የመሰሉ መሣሪያዎች በመምህራን ቤትም ሆነ በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሎች ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ተደራርበው መታየታቸው የተለመደ ነው። ከበላያቸው ዳንቴል ይለብሳሉ፤ ከኋላቸው ሽቦው እንደ ሐረግ ተጠላልፎ ይወርዳል። ይህን በወግ የሚያስተካክል አናጢና ብረት ሠሪ በቢቸናም ሆነ በሞጣ አይጠፋም። ችግሩ የሚነሣው ሳጥኑ ለመልኩና ለቁልፉ ብቻ ታስቦ ሲሠራ ነው። ከአቧራና ከሌባ እንዲጠብቅ ተብሎ ዙሪያውን የተዘጋ ሳጥን መሣሪያውን በገዛ ሙቀቱ ያበላሸዋል።

በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሰጠት በጀመረ ጊዜ፣ ውድ መሣሪያዎች በየክፍሉ ገብተው ነበርና፣ የመሣሪያ ማቀፊያ ጉዳይ ከአናጢው አልፎ የዕቅድ አዘጋጁም ጉዳይ ሆኗል። ይሁን እንጂ ለሳጥን በሚወጣ የሥራ ዝርዝር ላይ ቁመቱ፣ ወርዱና የቁልፉ ዓይነት ተጽፎ የአየር መግቢያው ሳይጻፍ ቢቀር፣ ሠሪው ባልታዘዘው ነገር ሊወቀስ አይገባም።

ለሥራው መነሻ የሚሆን ዓለም አቀፍ ልክ አለ። ይኸውም ቀድሞ በስልክ ማዞሪያ ቤቶች የተለመደውና በኋላ ለሬዲዮ ጣቢያዎችና ለኮምፒዩተር ክፍሎች የተዳረሰው የ19 ኢንች መደርደሪያ ነው። የፊት ፓነሉ ወርድ 482.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የከፍታው መለኪያ አሐድ 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት አሐድ የሚይዝ ፓነል 133.35 ይሆናል ማለት ነው፤ ነገር ግን ከጎረቤቱ ፓነል ጋር እንዳይፋተግ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ተቀንሶለት ይቆረጣል። በግራና በቀኝ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ከመካከል እስከ መካከል 465.1 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታም ከ450 ማነስ የለበትም።

ለቤት አገልግሎት የተሠሩ መሣሪያዎች ግን ፓነል የላቸውም። ሙሉ ልክ ያላቸው ማጉያዎች ወርዳቸው አብዛኛውን ጊዜ 430 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በቋሚዎቹ መካከል በተዘረጋ መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ ፊታቸው ብቻ እንዲታይ በፓነሉ ላይ መስኮት ይከፈትላቸዋል። ፓነሉ ከ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ሊሠራ ይችላል። መስኮቱ አስቀድሞ በካርቶን ተቆርጦ ይለካ፤ ካርቶን ቢበላሽ ኪሳራው ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ በመስመሩ ውስጥ ውስጡን እየተሰረሰረ በብረት መጋዝ ይያያዛል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ተርፎ በሞረድ ይጨረሳል።

ቋሚዎቹ ከአንግል ብረት፣ ጎኖቹ ከእንጨት ቢሆኑ ሥራው ይረክሳል። ከእንጨት ዋንዛ ይመረጣል። ባሕር ዛፍ በቅርብ ይገኛል፣ ዋጋውም አነስ ይላል፤ ሳይደርቅ ከተሠራበት ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ የተጣመመ ጎን ደግሞ የብሎኑን ቀዳዳ ከልኩ ያወጣዋል።

ከሁሉ በላይ መጤን ያለበት የአየሩ ነገር ነው። ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ እኩል ሙቀት ባለው ቦታ ቢመዘን ክብደቱ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ይኸው አየር ስለሆነ ልዩነቱ በስሌት ይታያል። 100 ዋት ሙቀት የሚያወጣን መሣሪያ የሚያቀዘቅዘው አየር ከገባበት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ሞቆ እንዲወጣ ከተፈለገ፣ በባሕር ጠረፍ በየሴኮንዱ 8 ሊትር ያህል ሲበቃ፣ በሞጣ ግን 11 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። (ይህ ስሌት ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ጥሩ መልመጃ ይሆናል።) እርግጥ የአካባቢው ቀዝቃዛነት ከጉድለቱ ጥቂቱን ይክሳል፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ግን የውጭው ብርድ እምብዛም አይረዳም።

ስለዚህ መግቢያው ከሳጥኑ ግርጌ፣ መውጫው ከኋላ በኩል ከላይ ይሁን፤ መውጫው ከመግቢያው አይጥበብ። ብዙ የሚሞቀው ማጉያ ከላይኛው እርከን ላይ ይቀመጥ፤ ከበላዩም አንድ አሐድ ባዶ ይተው። አቧራን በተመለከተ በበጋ ወራት መግቢያው ላይ ስስ ጨርቅ መወጠር ይቻላል፤ በየሳምንቱ ካልተራገፈ ግን ከመከለል ይልቅ መድፈን ይሆናል። የዳንቴሉ ጉዳይ የቤት እመቤቶችን ሊያስከፋ ቢችልም፣ በመውጫው ቀዳዳ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ሊነሣ ይገባዋል።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። ስስ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መመዘኛዎች በመደበኛነት የታሰቡት እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ በባዶ ሽቦዎች መካከል ያለው ርቀት እንዲጨምር ያዛሉ፤ ለ3,000 ሜትር ማባዣው 1.14 ነው። ሳጥን ሠሪው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት የብሎን ጫፍ ወይም የላሜራ ስለት 220 ቮልት ወዳለበት መጋጠሚያ እንዳይጠጋ ነው። ብረቱ ሁሉ ከመሬት መስመር ጋር ይያያዝ። በሚያያዝበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ይግባበት፤ በቀለም ላይ የታሰረ የመሬት ሽቦ ያልታሰረ ያህል ነው። የአየር ቀዳዳዎቹም የሕፃን ጣት እንዳያስገቡ ስፋታቸው ከ5 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ ቁጥራቸው ይብዛ።

ሳጥኑ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ መሣሪያው እንደ ወትሮው ለሁለት ሰዓት ያህል ይሠራ፤ አንድ ቴርሞሜትር ከውስጥ በላይኛው እርከን፣ ሌላው ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ በልጦ ከተገኘ የላይኛው ቀዳዳ ይጨመራል፤ ባዶው ፓነልም ቀዳዳ ባለው ይለወጣል።