ከዋጋው በፊት ፋይሉ፦ ቤት በደሴና በኮምቦልቻ እንዴት ይሸጣል?

«ስንት ያወጣልኛል?» ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ላይ ቤቱን ሊሸጥ የተነሣ ሰው ደላላውን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ደላላውም መልስ አያጣም። የጎረቤቱ ግቢ በስንት እንደሄደ፣ ሰፈሩ ከሆጤ ወይም ከሰኞ ገበያ ጋር ሲተያይ የት ላይ እንደሚቆም በቃሉ ይዞታል። እኔ ግን ጥያቄው ቀደመ እላለሁ። ዋጋ ገዥ ሲመጣ ራሱ ይገለጣል። ሻጭን የሚያጎድለው፣ አንዳንዴም ለዓመታት ፍርድ ቤት የሚያመላልሰው፣ ሳይገልጠው የተወው ፋይል ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ምን እንደሚሸጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አንድ መኖሪያ ቤት ሲሆን ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ እንዳይበልጥ ተወሰነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ ይህንኑ አጸና። ስለዚህ ቧንቧ ውሃ ላይ አንድ ግቢ በገንዘብ እጅ ሲለውጥ በሕግ የተሸጠው ግድግዳው፣ ጣሪያውና በቦታው የመጠቀም መብት ነው። ገዥ የሚከፍለው ግን፣ ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ብዙውን ጊዜ ለቦታው ነው። መንገድ ዳር ያለ አሮጌ ጭቃ ቤት ጭር ባለ ሰፈር ካለ አዲስ የብሎኬት ቪላ በላይ የሚጠየቅበት ምክንያት ሌላ አይደለም። ዋጋው ያለው በቦታው ላይ፣ ሕጋዊነቱ ያለው በወረቀቱ ላይ ስለሆነ የሽያጩ ሥርዓት በሙሉ የቆመው አንድ ነገር ለማጣራት ነው፤ ይህ ሰው ይህን መብት የማስተላለፍ ሥልጣን አለው ወይ?

ወረቀቱ ሕዝቡ ካርታ የሚለው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ካርታ ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። የሊዝ ይዞታ የሆነ አለ፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው፣ ቀሪ የሊዝ ክፍያም ሊኖርበት ይችላል። ነባር ይዞታ የሆነም አለ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥርዓት እንደሚያስተዳድረው ደነገገ። ይህ አንድ ድንጋጌ በገበያው ላይ ያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም። ብልህ ገዥ የሚገዛውን ግቢ ካርታ ገና ሲያይ «ነባር ነው ሊዝ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን ሰምቶም ሒሳቡን ያስተካክላል። ሻጭ ይህን ሳያውቅ ለድርድር ከተቀመጠ ገዥው ለምን እንደቀነሰበት እንኳ አይገባውም።

ካርታው ላይ የተጻፈው ስፋትና በአጥር የተከለለው ግቢ ስለማይገጥሙም ብዙ ሽያጭ ይሰናከላል። ካርታው 200 ካሬ ይላል፣ አጥሩ ግን ከዚያ በላይ ይዟል፤ ወይም ኋላ የተሠራው ሰርቪስ ቤት በፕላኑ ላይ የለም። የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ስም ለማዛወር ሲለካ ይህ ይወጣል። ሻጩ ቀድሞ አስለክቶ ቢሆን ኖሮ እርማቱን በራሱ ጊዜ ያስጨርስ ነበር። አሁን ግን ገዥው ቀብድ ከፍሎ እየጠበቀ ነው። ያልተከፈለ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ በባንክ የተያዘ ካርታ፣ ፍርድ ቤት የጣለው እግድ፣ እነዚህም ሁሉ አስቀድመው የሚታወቁ ናቸው። «ከዕዳና ከእገዳ ነጻ» የምትለው ሐረግ በሽያጭ ውሎች ውስጥ የማትጠፋው በከንቱ አይደለም። ሻጩ ይህን ፈርሞ ሦስተኛ ወገን መጥቶ ንብረቱን ቢነጥቅ ገዥውን የመካስ ኃላፊነቱ የሻጩ ነው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን የውርስ ቤት ነው። ወሎ ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር በብዛት የላከ ምድር ነው። አባት ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፣ ካርታው ግን አሁንም በሳቸው ስም ነው። አንዷ እኅት ጅዳ ናት፣ ወንድም አዲስ አበባ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው፣ እናት ብቻቸውን ግቢው ውስጥ አሉ። ልጆቹ በስልክ ተስማምተው «እንሽጠውና እንካፈል» ይላሉ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት እናትየው ከልጆቹ እኩል የሚቆጠሩ ወራሽ አለመሆናቸው ነው። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ የጋራ ሀብት ነውና ድርሻቸው ከውርሱ በፊት ተለይቶ ይወጣል፣ የሚወረሰው የሟች ድርሻ ብቻ ነው። ይህን ማንም ሳይነግራቸው የፈረሙ እናቶች አሉ። ከዚያ በኋላ የወራሽነት ማረጋገጫ ይወሰዳል። ይህም በመደበኛው ፍርድ ቤት፣ ወይም ባለጉዳዮቹ ሙስሊሞች ሆነው ከፈቀዱ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብና የግል ጉዳዮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ በር ከፍቷል። በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን እኅትማማች ማግኘት ብርቅ ባልሆነበት በወሎ የየትኛው ፍርድ ቤት ደጅ ይረገጥ የሚለው ራሱ በሽምግልና የሚመከርበት ነገር ነው።

ጅዳ ያለችው እኅት ውክልና ትልካለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ስለዚህ ቆንስላው ፊት የሚፈረመው ወረቀት «እንዲሸጥልኝ» የሚለውን ቃልና ቤቱን ለይቶ መጥራት አለበት። እዚህ ከደረሰም በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ሌላም አለ፤ ወካይ ሲሞት ውክልናው አብሮ ያከትማል። የሟች ውክልና ይዞ የተፈረመ ሽያጭ ገዥንም ሻጭንም ያከስራል።

ባልና ሚስትም እንዲሁ ናቸው። ካርታው በአንዱ ስም ቢሆን እንኳ የጋራ ሀብት ከሆነ ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ያልተስማማው ወገን ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ያላገባ ሰው ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲያመጣ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው።

ፋይሉ ከጸዳ በኋላ ወደ ግቢው እንምጣ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የቦርከና ወንዝ ሥሯን እየቆረጠ ያልፋል። ተዳፋቷ ይንሸራተታል። የስነ ምድር ባለሙያዎች የደሴን የመሬት መንሸራተት ሲያጠኑ ቆይተዋል፤ ነዋሪው ግን ያለ ጥናትም ከግድግዳው ስንጥቅ ያነበዋል። ክረምት ሲጠና የላላው አፈር ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ከሥሩ ያለው ሸክላማ አፈር ያንሸራትታል፣ ለግንባታ የተቆረጠው ዳገት ደግሞ ድጋፉን ያጣል። ስለዚህ እዚህ ቤት የሚገዛ ሰው ከሳሎኑ ንጣፍ ይልቅ የድጋፍ ግንቡን ያያል፤ የበር መቃኑ መዝመሙን፣ የጎረቤት ፍሳሽ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ ስንጥቁ በሲሚንቶ አዲስ ተለስኖ እንደሆነ ያጣራል። ለገዥ የምመክረው ቤቱን በነሐሴ እንዲያየው ነው። ለሻጭ ደግሞ ስንጥቁን በቀለም እንዳይሸፍነው። ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭን ሕጉ አያስጠልለውም፤ ከሕጉም በላይ በዚያ ቤት ልጆች ይተኛሉ።

ድርድሩ ራሱ አጭር ነው፣ ግን ሥርዓት አለው። ቡና ይፈላል፣ ደላላው መሐል ይቀመጣል። ገዥው «ሐጂ፣ ከዚህ ላይ የሚነሣልኝ የለም?» ይላል። ሽማግሌው «ልጄ፣ የመጨረሻውን ነው የነገርኩህ፤ ገበያውን አንተም ታውቀዋለህ» ይላሉ። ደላላው «እርስዎም ትንሽ ዝቅ ይበሉ፣ አንተም ትንሽ ከፍ በል፣ አላህ በረካ ያድርገው» ብሎ መሐሉን ይጠራል። ደላላ ብዙ ይወቀሳል። ገዥና ሻጭ ሳይተያዩ ሁለት ዋጋ እየነገረ ልዩነቱን የሚበላ መኖሩም እውነት ነው። ሥራውን በእምነት የሚሠራውን ግን እኔ የከተማዋ ሕያው መዝገብ አድርጌ ነው የማየው። የማን ቤት ክርክር ላይ እንዳለ፣ የማን ወራሽ እንደተኳረፈ ከማኅደሩ በፊት እሱ ያውቃል። ድርሻው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ከድርድሩ በፊት ይነገር።

ዋጋው ሲቆረጥ ቀብድ ይመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1883 እና በተከታዮቹ እንዳስቀመጠው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ይተዋል፣ ተቀባዩ ቢቀይር እጥፉን ይመልሳል። ከአንዱ ቀብድ በልቶ የተሻለ ዋጋ ይዞ ለመጣ ሌላ ሰው እጁን የሚዘረጋ ሻጭ ይህን ቁጥር አላነበበም ማለት ነው።

ቀጥሎ ውል ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል። ቁጥር 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በዚህ መልክ ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል እንደማይጸና ከወሰነ በኋላ በየቤቱ ተፈርመው የተቀመጡ ስንት ውሎች ተናጉ። ውሳኔው የሕግ ምሁራንን ለዓመታት አከራክሯል። ለተራው ሰው ግን ትርጉሙ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ሁለቱም ወገን አብረው ሕዝቡ ውልና ማስረጃ ወደሚለው ቢሮ ይሂዱ።

ውሉ ላይ እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ። ግብር ለማሳነስ ተብሎ ከተከፈለው ያነሰ ቁጥር መጻፍ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ለማንም አልመክረውም። ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ግምት አውጥቶ ሊያስከፍል ይችላል፣ ስለዚህ የታሰበው ቅናሽ ላይገኝ ይችላል። ውሉ ቢፈርስ ደግሞ የሚመለሰው የተጻፈው ነው፤ ከጠረጴዛ ሥር ያለፈውን የሚመሰክር ወረቀት የለም።

ከደሴ በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። መሬቱ ሜዳ፣ አየሩ ሞቃት ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ይስባሉ። ዙሪያውን ያለው የገበሬ ማሳ ለቤት ፈላጊ ዓይን የሚስብ ሆኗል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ገበሬው የያዘው የገጠር መሬት ደብተር ነው፤ የመጠቀም መብት እንጂ የመሸጥ መብት አይሰጠውም። በመንደር ውል የተገዛ ማሳ ላይ ሌሊት የሚቆም ጨረቃ ቤት ካርታ የለውም፣ ባንክ አይቀበለውም፣ ማዘጋጃ ቤት ካፈረሰው ካሳ የሚጠየቅበት መሠረት አይኖርም። በዓረብ አገር ሙቀት የተለፋበት ገንዘብ እንዲህ ባለ ቦታ ሲፈስ ማየት ያማል። ርካሽ የሆነው ለምን እንደሆነ ሻጩም ደላላውም ያውቃሉ፤ የማታውቀው ብሩን የላከችው ልጅ ናት።

ሕጋዊ ወደሆነው ሽያጭ ስንመለስ የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው። ከቤት ሽያጭ በተገኘ ጥቅም ላይ የሚጣለው ግብር፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 እንዳስቀመጠው፣ 15 በመቶ ነው። የሚሰላው ከጠቅላላው ዋጋ ሳይሆን ከትርፉ ላይ፣ ከፋዩም ሻጩ ነው። ቤቱን ሲሠራ የገዛበትን የብረት፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ደረሰኝ ያስቀመጠ ሰው ትርፉ ምን ያህል እንደሆነ ያስረዳል፤ የጣለው ግን በባለሙያ ግምት ይስማማል። ሻጭ ኖሮበት የቆየ መኖሪያ ቤት ነጻ የሚሆንበት ሁኔታ መኖሩን ከውሉ በፊት ገቢዎች ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት። ስም ለማዛወር የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው፤ የአገልግሎት ክፍያዎች ይጨመሩበታል። የትኛውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ የመጨረሻው ጠብ ከዚያ ይነሣል።

ክፍያው በባንክ ዝውውር ወይም በሲፒኦ ቢሆን፣ ከፊሉም ካርታው በገዥው ስም እስኪወጣ በስምምነት ተይዞ ቢቆይ ለሁለቱም ይበጃል። ያኔ ገዥው ሻጩ ፋይሉን ጥሎ እንደማይጠፋ ያምናል፤ ሻጩም ቀሪው ገንዘብ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚለቀቅለት በጽሑፍ ይዟል። ቁልፍ ሲሰጥ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ንባብ በሁለቱ ፊት ይመዝገብ፣ የቆጣሪው ስምም ይዛወር። ካልተዛወረ የሚቀጥለው ወር ቢል የሚመጣው በሻጩ ስም ነው።