ከቤት የወጣች እናት ወዴት ትሂድ?

«ባለትዳር ነሽ? ልጅ አለሽ?»

የኪራይ ቤት ፈልጋ ደላላ ዘንድ የምትደውል ሴት ብዙ ጊዜ ከዋጋው በፊት የምትሰማው ይህን ነው። ባል እንደሌላት፣ ሁለት ልጆች እንዳሏት ከተናገረች ደግሞ «አከራዮቹ ልጅ አይፈልጉም» ይመጣል። ውኃ ይበዛል፣ ይጮኻሉ፣ ኪራዩንስ ከየት ታመጣለች? ላጤ ወንድም ቤት ፍለጋ ይንገላታል። ልጆቿን ይዛ ከትዳር የወጣች እናት ግን በየበሩ ስለ ግል ሕይወቷ ትመረመራለች።

የማይታየው ቤት አልባነት

ቤት አልባ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን አስፋልት ዳር ላስቲክ ወጥሮ የሚያድረው ሰው ነው። ጎዳና ለሴት ከብርዱና ከረሃቡ ሌላ የመደፈር አደጋም አለበት። በዚህ የተነሳ ብዙዎች እዚያ ላለመድረስ የሚችሉትን ሁሉ ያደርጋሉ። እኅታቸው ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው ይሰነብታሉ፤ ከዘመድ ወደ ወዳጅ ይዞራሉ፤ አለዚያም ከሚደበድባቸው ባል ጋር ይኖራሉ። መንገድ ላይ ስለማይታዩ ጎዳና ላይ ያሉትን ብቻ የሚያነሳ እርዳታ አይደርሳቸውም።

«ቤቱ በእሱ ስም ነው»

ብዙ እናቶች ይህን ብለው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። የጋራ ቤትን ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ፍቺ ሲጠየቅ ከቤቱ ማን ይውጣ የሚለውን ፍርድ ቤት የሚወስነው የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን አይቶ ነው።

ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ትውጣ፤ ክርክሩ ይደርሳል። ከቻለች የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን፣ የልጆቿን የልደት ካርድና የቤቱን ካርታ ቅጂ ትያዝ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ከነልጆቻቸው ተቀብሎ ያስጠልላል፤ ምክርና የሙያ ሥልጠናም አለው። ሥልጠናው ቀላል ነገር አይደለም። ከማረፊያ ስትወጣ ኪራይ የምትከፍልበት ገቢ ከሌላት ወደ ሸሸችው ቤት ልትመለስ ትችላለች።

ዕጣው ደርሶም

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ይመደባል፤ በቀሪውም ይወዳደራሉ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ በ20/80 ፕሮግራም የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቀድሞ መክፈል፣ ከዚያም የባንኩን ዕዳ በየወሩ መግፋት አለ። ጉልት ለምትቸረችር ወይም በሰው ቤት ልብስ ለምታጥብ እናት ዕጣው ቢደርሳትም ክፍያው ይከብዳታል።

ከራሳችን ግቢ

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ሰርቪስ ቤት ያከራያሉ፤ የቤት ሠራተኛም ቀጥረዋል። በሩን ከፋቹም ዘጊውም እኛው ነን ማለት ነው።

አከራይ ከሆኑ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለተከራይ የሚቀርበውም ጥያቄ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ይሁን፤ መክፈል ትችላለህ? መክፈል ትችያለሽ?

ለቤት ሠራተኛዋ ነገሩ የባሰ ነው፤ ሥራዋም ማደሪያዋም አንድ በመሆኑ ስትሰናበት ሁለቱንም በአንድ ቀን ታጣለች። ከገጠር መጥታ ከተማውን በቅጡ የማታውቅ ልጅ በምሽት ሻንጣዋን ተሸክማ ከበር ከወጣች፣ መናኸሪያ አካባቢ የሚጠብቃት ማን እንደሆነ እናውቃለን። ብንጣላ እንኳ ደመወዟን ቆጥረን እንስጣት፤ ዘመዷ ጋ እንደውልላት፤ ሌላ ሥራ እስክታገኝ ጥቂት ቀን እናሳድራት። ቢያንስ ቢያንስ አይምሽባት።